መሪጌታ ከድቷል

ስሜ ትሕትና ነው። ያወጡልኝ አባቴ ናቸው። እንደ ስሜ ሆኜ አፌን ይዤ ብቀመጥ ኖሮ አሁን የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ባልደረሰ ነበር። እኔ ግን ክርክር ስወድ ለጉድ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አስተምር ነበር ልበል እንጂ፣ ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሚከራከረኝ ተማሪ ሲጠፋ ከካርቱን ጋር መከራከር ጀመርኩ።

ካርቱኑ «ምህዋር ዘጠኝ» ይባላል። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ስቄያለሁ። ፕላኔታቸው የጠፋባቸው ሰዎች በአንዲት ባዶ ጨረቃ ሆድ ውስጥ፣ እኛ «ዋሻው» በምንለው መሸሸጊያ ይኖራሉ። ግራጫ የለበሱ ጠላቶች ሰማይ ለሰማይ ያሳድዷቸዋል። ወደ ዋሻው የሚወስደው ካርታ ያለው አንድ አሮጌ ሮቦት ዘንድ ነው። ኋላ ላይ አንድ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ሲራመድ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ ሲጠይቁት በቀጥታ የማይመልስ፤ ሁልጊዜ በምሳሌ፣ ሁልጊዜ በእንቆቅልሽ። ስሙ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስለሆነ ለአፍ አይመችም። ስለዚህ ገና በሁለተኛው ክፍል ላይ ስም አወጣሁለት። መሪጌታ አልኩት።

አባቴ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከቡሬ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ገጠር የቅኔ መምህር ናቸው። ውሃ ስጭኝ ለማለት እንኳ ሁለት ፍቺ ያለው ነገር ይፈልጋሉ። ሮቦቱ ሲናገር የሰማሁት እሳቸውን ነበር፤ ስሙ በፍቅር የወጣ ስም ነው። ይህን አሁኑኑ የምናገረው በኋላ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

ካርቱኑን የምናየው ሦስት ሆነን ነው። ክንዱ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ፊልምና መዝሙርም በሜሞሪ ይጭናል። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ አዲሱን ክፍል ከባሕር ዳር በሚመጣ ሰው በፍላሽ የሚያስመጣው እሱ ነው። አምለሰት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ካርቱን እያየች ታለቅሳለች እንጂ ስትከራከር አይቻት አላውቅም። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ሁላችንም ሠላሳን ተሻግረናል፤ ማን ምን ይለናል ብለን በሩን ዘግተን ነው የምናየው።

አሥራ አንደኛው ክፍል የደረሰን ዓርብ ከሰዓት ነው። አሥር ክፍል ሙሉ ስለ ዋሻው ሲል ዓይኑን ያጣው፣ እጁ የተቆረጠውና የተቀጠለው መሪጌታ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በሩን ከፍቶ ካርታውን ለግራጫዎቹ አለቃ ሰጠ። ምክንያት የለ፣ ምልክት የለ። ሰጠና አለቀ። አምለሰት እንደ ልማዷ አለቀሰች። ክንዱ ሦስት ጊዜ መልሶ አጫወተው። እኔ በጣም ተናደድኩ። ሰው ወራት ሙሉ አምኖ ሲከታተል እንዲህ ይደረጋል?

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። እነሱ ለጓደኛችን ልጅ ክርስትና፣ እኔ አባቴን ለመጠየቅ። ክርክሩ ከመናኸሪያው ሳንወጣ ጀመረ።

«ከድቷል» አልኩ። «መሪጌታ ከድቷል። ካርታውን በገዛ እጁ አስረክቧል። ከዚህ ወዲያ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል?»

«ቆይ እንጂ» አለ ክንዱ። «መሪጌታ መቼ ነገር በቀጥታ አድርጎ ያውቃል? የሰጣቸው ካርታ የሐሰት ቢሆንስ? ቅኔ ተቀኝቶባቸው ቢሆንስ?»

«እንዲያ ብልህ አይደለም። አርጅቷል፣ ተሸጧል። በሚቀጥለው ክፍል ቢገድሉት እልል ነው የምለው።»

አምለሰት እየሳቀች እጄን ያዘችኝ። «ኧረ በአባትሽ አትጨክኚ» አለች። ስሙን ካወጣሁለት ጀምሮ ሮቦቱን «አባትሽ» ነው የምትለው፤ የሦስታችን ቀልድ ነበር።

«አባቴም ቢሆን» አልኩ። «የከዳ ከድቷል። ክፍል አሥራ አንድን የጨረሰው እሱ ነው።»

ከኋላችን ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መካከል ያቆመ አንድ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። ማንኩሳን እንዳለፍን ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ይቅርታ ልጄ፣ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ልጅ ነሽ?»

«አዎ። ያውቋቸዋል?»

«ማን የማያውቃቸው አለ» አለ። ቡሬ መግቢያ ላይ ሲወርድም ባርኔጣውን አንስቶ «እግዜር ይስጥልኝ፤ መንገዱን አሳጠራችሁልኝ» አለን። ጨዋ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ገነነ እንደሚባል ያወቅኩት በኋላ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔ አፍ ያመለጠው እዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየሳቅኩ ነው።

አባቴ ቤት ስደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። በልተን፣ ስለ ጤፉና ስለ ዝናቡ ተጨዋውተን፣ እሳቸው መጽሐፋቸውን ይዘው ዛፍ ጥላ ሥር ወጡ። ስለ ካርቱኑ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። የአንድ ብረት ስም አድርጌዎታለሁ ብዬ ለአባቴ እንዴት እነግራለሁ?

ከቡሬ ገበያ የተመለሱት እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው የጠሩኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። ወደ ቤት አልገቡም። የጨው ፌስታላቸውን እንደያዙ በአጥሩ በኩል ቆመው በእጃቸው ጠቀሱኝ።

«ልጅየ፣ ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

«ምን አደረግሁ?»

«በገበያው መሪጌታን የገዛ ልጃቸው አጋለጠቻቸው ይባላል። የዋሻውን ካርታ ለግራጫ ለባሾቹ ሰጥተዋል ብላ በመኪና ሙሉ ሰው ፊት መሰከረች ይላሉ። ክፍል አሥራ አንድ የሚባል ጦር በሳቸው ምክንያት አለቀ ይላሉ። የሞተውን ሰው ሁሉ በስም ይጠሩታል።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ግን አልሳቁም፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። በዚህ ዘመን፣ በእኛ አገር፣ «ካርታ ሰጠ» የተባለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ማን እንዳደረገው የሚጠይቅ የለም፤ ለቅሶውም በሹክሹክታ ነው። ፈራሁ። አባቴን በገዛ አፌ ገደልኳቸው ብዬ ፈራሁ።

ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ሮጬ ወጣሁና ለክንዱ ደወልኩ።

«ሜሞሪው አንተ ጋ ነው?»

«የምን ሜሞሪ?» አለኝ በለሆሳስ።

«ክንዱ፣ በማርያም። አሥራ አንደኛው...»

«ቁጥር አትጥሪ» አለኝ። ቡሬ እንደወረዱ መንገድ ላይ ስልክ የሚፈትሹ ሰዎች አይቶ ደንግጧል። ሜሞሪውን ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ወርውሮ፣ ፍኖተ ሰላም ደውሎ የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ያለውንም አስጠፍቷል። አምለሰት አጠገቡ ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል። ፈሪ ብዬ ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም ብሆን እወረውረው ነበር። አሁን ግን ካርቱን ነው ብዬ የማሳየው አንዲት ምስል እንኳ የለኝም።

ስመለስ «አባየ፣ ይነሱ፣ ሽንዲ የእናቴ ዘመድ ዘንድ እንሂድ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋሁ ብዬ?» አሉኝ፤ ገጹን በጣታቸው እንደያዙ። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ ሰዎቹ መጡ።

የማን ሰዎች እንደሆኑ አልናገርም። የዚህ አካባቢ ሰው ከሆናችሁ ለምን እንደማልናገር ታውቃላችሁ፤ ካልሆናችሁ ደግሞ ጠመንጃ ይዘው ነበር ማለት ይበቃችኋል። አራት ነበሩ። «የኔታ፣ እንዴት ዋሉ?» ብለው አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ የአባቴን ጉልበት ሳሙ። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሊያመናጭቁ የመጡ ሰዎች ቢሆኑ ተስፋ ይኖረኝ ነበር።

«ለአንድ ትንሽ ጉዳይ ፈልገንዎት ነው» አለ አንዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንችም ነይ። ምስክር ነሽ» አለኝ።

የወሰዱን ወደ ተዘጋው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ሰሌዳው ላይ ያላለቀ የማካፈል ስሌት አለ፤ መምህሩ ቀሪውን ሳይጽፍ ነው የሄደው። እኔን የተማሪ ዴስክ ላይ አስቀመጡኝ፤ ለአባቴ ወንበር አመጡላቸው። በመምህሩ ቦታ የተቀመጠው አለቃቸው ወንዳወቅ ይባላል። ከጎኑ ባለጃንጥላው ገነነ ቆሟል። ሲያየኝ እንደገና ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ወንዳወቅን አባቴ ያውቁታል። በልጅነቱ ከሌላ መምህር ዘንድ ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሮ ከጉባኤ ቃና፣ ከመጀመሪያዋ የቅኔ ደረጃ፣ ሳያልፍ የወጣ ሰው ነው። መከራችን እዚህ ላይ ነበር። ፈጽሞ ባይማር ኖሮ የሰማውን ሰምቶ ይሄድ ነበር። ጨርሶ ቢማር ኖሮ ደግሞ ወርቅ የሌለበትን ቦታ ለይቶ ያውቅ ነበር። ግማሽ የተማረ ሰው ግን ከሁሉም ነገር ሥር ወርቅ ይቆፍራል።

«የኔታ፣ እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት» አለ ወንዳወቅ። «ልጅዎ ካርታ አሳልፈው እንደሰጡ በሕዝብ ፊት መስክራብዎታለች። ምን ይላሉ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ካርቱን፣ ስለ ሮቦት አንዳች አያውቁም። ያዩት ጠመንጃዎቹን፣ ከዚያ ደግሞ የኔን ፊት ነው። ልጄ ዋሽታለች ቢሉ በሐሰት መስካሪዋ እኔ እሆናለሁ፤ የሐሰት ምስክር ደግሞ በእነዚህ ሰዎች እጅ ምን እንደሚገጥመው እሳቸው ያውቃሉ። ጊዜ አልወሰዱም።

«ልጄ ሐሰት አትናገርም» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል የሚሉት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ እኔን ለማዳን ራሳቸው ላይ ፈርደዋል፤ የፈረዱትም እኔ በሰጠኋቸው ቃል ነው።

«ካርቱን ነው» አልኩ ተነሥቼ። «የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። መሪጌታ ያልሁት ሰው አይደለም፤ ብረት ነው፤ ሮቦት ነው።»

ወንዳወቅ ፈገግ አለ። «ሰሙ ብረት ነው» አለ። «ደግ። ወርቁን ንገሪን።»

«ወርቅ የለውም።»

«በጎጃም ምድር፣ የቅኔ መምህር ልጅ ሆነሽ፣ ወርቅ የሌለው ነገር ትናገሪያለሽ?»

«እኔ የተማርሁት ፊዚክስ ነው።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ወንዳወቅ አልሳቀም። «ክፍል አሥራ አንድ የሰፈረው የት ነው?»

«ክፍል ማለት የታሪኩ ክፍል ነው። እንደ ምዕራፍ ነው።»

«ምዕራፍ ማረፊያ ማለት ነው» አለ፤ ያቺን የተማራትን ግዕዝ አወጣት። «ታዲያ ማረፊያቸው የት ነው?»

ከዚህ በኋላ የምናገረው እያንዳንዱ ቃል እንደሚቀብረን ገባኝ። ቃል በጨመርኩ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ።

«ሙሉውን ልንገራችሁ» አልኩ። «ከመጀመሪያው። እውነተኛ ጦርነት የሚመስል ነገር ካገኛችሁበት የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ወንዳወቅ ሰዓቱን አየና «ንገሪን» አለ።

ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ጀመርኩ። ጠመኔ ነበር፤ ጨረቃዋን ሳልኩ፣ ምህዋሯን ሳልኩ፣ የግራጫዎቹን መርከቦች ሳልኩ። ክቡ ሁሉ እንቁላል ነው የሚመስለው። በሦስተኛው ክፍል ላይ አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ቁጭ አለ። በአምስተኛው ሌላው «ጨረቃዋ ውስጥ ውሃ ከየት ያገኛሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በስምንተኛው፣ መሪጌታ ዓይኑን ያጣ ጊዜ፣ «ወይኔ» ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ የምፈራው አሥራ አንደኛው እየቀረበ ነው።

ደረሰ። በሩን ከፈተ፣ ካርታውን ሰጠ አልኩ።

«ሰጠ?» አለ ወንዳወቅ።

«ሰጠ።»

«እንግዲያው ከዳ።»

የራሴ ክርክር ነው። ጠዋት በሚኒባስ ያሸነፍኩበት፣ ቃል በቃል። አሁን እሱን መርታት አለብኝ፤ ያለኝ ደግሞ የሳቅኩበት የክንዱ ሐሳብ ብቻ ነው።

«አልከዳም» አልኩ። «የሰጣቸው ካርታ የሐሰት ነው። ተከትለውት ቢሄዱ የሚገቡት ፀሐይ ውስጥ ነው።»

«ጠዋት እንዲህ አላለችም» አለ ገነነ። «ቢገድሉት እልል እላለሁ ነው ያለችው።»

«ጠዋት ተናድጄ ነበር» አልኩ። «አራተኛው ክፍል ላይ ራሱ ተናግሯል። በር የከፈተ ሁሉ እንግዳ ተቀባይ አይደለም ብሏል። ካርታውን ሲሰጥም በግራ እጁ ነው የሰጠ፤ በግራ እጁ የሚሰጠው ሁልጊዜ ተገልብጦ የሚነበብ ነው።» የግራ እጁ ነገር ውሸት ነው። እዚያው ነው የፈጠርኩት። በየትኛው እጁ እንደሰጠ ዛሬም አላስታውስም።

ያን ጊዜ አባቴ ተናገሩ። ነገሩን ከሥር ከሥሬ ሲከተሉ ኖሯል።

«ያ ብረት፣ ሲሰጥ ምን አለ?»

«ምንም አላለም አባየ።»

«ምንም ካላለማ አልከዳም» አሉ ወደ ወንዳወቅ ዞረው። «ከሐዲ ዝም ብሎ አይሰጥም። ይሁዳ እንኳ ሰላም ብሎ፣ ስሞ ነው የሰጠ። ወሬ ያበዛል ከሐዲ፤ ምክንያት ይደረድራል። ዝም ያለው የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው።»

ወንዳወቅ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ነገሩን እየፈታ ነው። በመጨረሻ ፊቱ ላይ ቅኔ የተፈታለት ተማሪ ደስታ አየሁ።

«ሰሙ ክህደት፣ ወርቁ ታማኝነት» አለ። «ጥሩ ነው። ይህ ግን የእናንተ ፍቺ ነው። የሚቀጥለው ክፍል መቼ ይመጣል?»

«በሦስት ሳምንት።»

«አምጭው። አይተን እንፈርዳለን። እስከዚያ የኔታ ከደብራቸው አይርቁም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ይቀልድ ይሁን አይቀልድ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቀልድ የሚያስፈራው ለዚህ ነው፤ ቀልድ አለመሆኑ የሚታወቀው ከሳቁ በኋላ ነው።

ስንመለስ፣ ከቤታችን በታች ያለውን ወንዝ እንደተሻገርን አባቴ ቆሙ።

«ያ ብረት እኔን ይመስላል?»

«ንግግሩ ብቻ አባየ።»

«ስለምን በኔ ስም ጠራሽው?»

«ስለምወደው ነው።»

«ሁለተኛ የምትወጂውን ሰው ስም በአደባባይ አትጥሪ» አሉኝ፤ ከዚያ በቀር አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩኝም።

ሦስቱን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ልንገራችሁ ብል አልችልም። ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሣ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ሰላም የሚለን ከሩቅ ሆነ። ከአባቴ ተማሪዎች ግማሾቹ እናታችን ታማለች፣ አባታችን ጠርቶናል እያሉ ወጡ፤ አባቴ ለሁሉም መልካም መንገድ እያሉ ሸኟቸው። እኔ ያለፈውን ዕድሜዬን ሙሉ ያልጸለይኩትን ጸለይኩ፤ የጸለይኩትም አይተውኝ ለማያውቁ፣ አገራቸውን ለማላውቀው የካርቱን ደራሲዎች ነው። ልብ ስጣቸው አልኩ። ካርታውን የሐሰት ያድርጉት፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ዓርብ ጠዋት ክንዱ ደውሎ «ዕቃው ደርሷል» አለኝ። በመጀመሪያው መኪና ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። አምለሰትም መጣች። በሩን ዘግተን፣ ድምፁን ቀንሰን አየነው።

ካርታው እውነተኛ ነበር። ግራጫዎቹ ተከትለውት መጡ፤ ዋሻው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቃጠለ። መሪጌታ ከአለቃቸው ጎን ቆሞ ያያል። ከዚያ፣ አሥራ አንድ ክፍል ሙሉ ስቆ የማያውቀው ያ ብረት፣ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አልተነገረም።

«የሐሰት አልነበረም» አለ ክንዱ፤ እሱ የሠራው ይመስል ዓይኔን ማየት አልቻለም።

አምለሰት በዚያ ቀን አላለቀሰችም። «አልደረሰንም በያቸው» አለች። «ኢንተርኔት የለም፣ መንገድ ተዘግቷል በያቸው። ማን ያውቃል?»

ክንዱ ፍላሹን እየነቀለ መልሶ ይሰካል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያ ባለጃንጥላ ሰውዬ ትናንት ማታ ልዘጋ ስል መጥቶ ነበር» አለ። «ምህዋር ዘጠኝ አለህ ወይ አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። የለም ልለው ነበር፤ ግን ኮምፒዩተሩ ላይ ሲገለበጥ አይቶታል። ምን ላድርግ? ጫንሁለት።»

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ወደ ቡሬ ስሄድ በሚኒባሱ ውስጥ ሰዎች ስለ ዘይት፣ ስለ ሠርግ ያወራሉ፤ እኔ እያንዳንዱን ጉብታ እቆጥራለሁ። ምናልባት አላዩትም። ምናልባት አይተው ሳቁ። ምናልባት አይተው፣ እንዳልሁት ነው ብሎ ወንዳወቅ ተነሥቷል። ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ ግማሹን ሮጥኩት። አጥራችን እስኪታየኝ ድረስ አባቴን በሕይወት አገኛቸዋለሁ ብዬ አላመንኩም።

ዛፉ ሥር ለቀሩት ሁለት ተማሪዎች ቅኔ እየነገሩ ነበር። ሲያዩኝ ተማሪዎቹን አሰናበቱ።

«ከዳ?» አሉኝ።

«ከዳ አባየ። ሰዎቹም ሳያዩት አይቀሩም።»

«ምን ምክንያት ሰጠ?»

«አልሰጠም። ሳቀ ብቻ።»

«ያለ ምክንያት?» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤት አይመታም» አሉ። ተማሪ የማይረባ ቅኔ ሲያቀርብላቸው የሚሉት ነው፤ ያን ቀን እንደ ተናደዱ ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥተው ጥምጥማቸውን ፈቱ። እጥፍ እጥፍ አድርገው፣ ስሮጥ አይተው በአጥሩ በኩል ለመጡት ለእትየ ወለተ ጊዮርጊስ ሰጧቸው። በዕድሜዬ ሙሉ ያለ ጥምጥም ውጭ ሲወጡ አይቼ አላውቅም፤ ግንባራቸው ከፊታቸው የነጣ ነበር። እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ጨርቁን ደረታቸው ላይ ይዘው እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙን።

የመኪናውን መንገድ ትተን በእግር ወጣን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሽንዲ ገባን። የእናቴ የአጎት ልጅ መሐሪ ተቀበለን፤ ለምን መጣችሁ ብሎ አልጠየቀም፤ ጓዳውን ለቀቀልን። ሰዎቹ ቤታችን መምጣት አለመምጣታቸውን እስከ ዛሬ አልሰማንም። እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ስልክ የላቸውም፤ ሌላ ሰው ለመጠየቅ ደግሞ እንፈራለን።

በሦስተኛው ቀን የመሐሪ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ እንግዳ መጣ ሲሉ ሰምተው ሊጠይቁን መጡ። ከአባቴ ጋር ደጁ ላይ ተቀምጠው ስለ ዘንድሮው ዝናብ ተነጋገሩ። አባቴ የሚመልሱት በአጭሩ ነው፤ አዎ ዘንቧል፣ አይ አልዘነበም። ሽማግሌው ግን ጆሮ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ማን ልበል?» አሉ።

«ክንፈሚካኤል እባላለሁ።»

«ድምፅዎ የቤተ ክህነት ሰው ይመስላል። መሪጌታ ነዎት መሰለኝ?»

«የለም» አሉ አባቴ። «ገበሬ ነኝ።»

ሽማግሌው የአባቴን እጅ አዩ። ሞፈር ያልያዘ፣ የቀለም ሰው እጅ ነው። ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ወደ እኔ አልዞሩም፤ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ገበሬ ናቸው» አልኩ፤ ሽማግሌውም አመኑኝ።